የጥንት ሕንፃዎች ልኬታዊ ንድፍ፦ ከአቴና አክሮፖሊስ እስከ የካ ዋሻ ሚካኤል

መግቢያ

በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ የተራራ ሰንሰለት ጋር በተያያዘው ከፍታ ላይ፣ ዋሻ ሚካኤል በመባል የሚታወቅ ከቋጥኝ ተፈልፍሎ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። የአካባቢው ትውፊት ዕድሜውን ወደ አክሱም ዘመን ያደርሰዋል፤ ተመራማሪዎች ግን በአብዛኛው ወደ 12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቀርቡታል። ከሁለቱ አስተያየቶች የትኛውም ቢጸና፣ ሕንፃው አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የነበረ መሆኑ አያጠራጥርም። ዛሬ ግን በከፊል ፈርሶ፣ ለዝናብና ለፀሐይ ተጋልጦ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ይነሣል። እንዲህ ያለው ሕንፃ ከዕለታት አንድ ቀን ፈጽሞ ቢፈርስ፣ ለሚቀጥለው ትውልድ ምን ይቀርለታል? በቃል የሚነገር ታሪክ ይቀራል፤ ጥቂት ፎቶግራፎችም ይቀራሉ። ይሁን እንጂ የግድግዳው ውፍረት ስንት እንደ ነበር፣ ዓምዶቹ በምን ያህል ርቀት እንደ ቆሙ፣ መስኮቱ በምን ምጥጥን እንደ ተቀረጸ ከእነዚህ በትክክል ማወቅ አይቻልም። ይህን ሊያስቀርልን የሚችለው ልኬታዊ ንድፍ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልኬታዊ ንድፍ ምን እንደ ሆነ፣ በጥንታዊት ግሪክ ሕንፃዎችና ቅርጻ ቅርጾች ጥናት ላይ ምን እንዳበረከተ፣ በአገራችንም ምን ታሪክ እንዳለው እንመለከታለን። በመጨረሻም ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ወይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በቀላል መሣሪያ ሊሠራው የሚችለውን የአለካክ ዘዴ እናቀርባለን።

ልኬታዊ ንድፍ ምንድን ነው?

ልኬታዊ ንድፍ ማለት በአንድ ሕንፃ ላይ በተግባር የተለካውን ርዝመት፣ ስፋት፣ ከፍታና ማዕዘን በተወሰነ ስኬል ወደ ወረቀት የሚያስተላልፍ ንድፍ ነው። የሠዓሊ ሥዕል ሕንፃው ለዓይን እንዴት እንደሚታይ ያሳያል፤ የራቀው ያንሳል፣ የቀረበው ይገዝፋል። ፎቶግራፍም የሚከተለው ይህንኑ የእይታ ሕግ ነው። በልኬታዊ ንድፍ ላይ ግን የራቀውም የቀረበውም በአንድ ስኬል ስለሚሰፍር፣ አንባቢው ማስመሪያ አንሥቶ ከወረቀቱ ላይ እውነተኛውን ልክ ሊያነብ ይችላል።

ልኬታዊ ንድፍ በሦስት ዓይነት ይቀርባል። የመጀመሪያው የወለል ንድፍ ነው፤ ይኸውም ሕንፃው ከወለሉ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በአግድም ቢቆረጥና ከላይ ቢታይ የሚኖረው መልክ ነው። ሁለተኛው ቁርጥ ንድፍ ሲሆን፣ ሕንፃው ከላይ ወደ ታች ተሰንጥቆ ውስጡ ሲታይ ማለት ነው። ሦስተኛው የገጽታ ንድፍ ነው፤ ይህም አንዱን የግድግዳ ፊት ቀጥ ብሎ ያሳያል። በሦስቱም ንድፎች የተቆረጠው አካል በወፍራም መስመር፣ ከቁርጡ ባሻገር የሚታየው በቀጭን መስመር፣ የተሸፈነው ደግሞ በተቆራረጠ መስመር ይሰመራል።

የስኬል ምርጫ በዘፈቀደ የሚደረግ አይደለም። በ1፡50 ስኬል በወረቀት ላይ 1 ሴንቲሜትር የሆነው በሕንፃው ላይ 50 ሴንቲሜትር ነው። በደንብ የተቀረጸ እርሳስ የመስመሩ ውፍረት 0.2 ሚሊሜትር ያህል ቢሆን፣ ያ መስመር በሕንፃው ላይ 1 ሴንቲሜትር ይሸፍናል። ስለዚህ ከ1 ሴንቲሜትር ያነሰ ዝርዝር በዚህ ስኬል ሊታይ አይችልም። የአበባ፣ የመስቀል ወይም የሰው ቅርጽ የሚነደፈው በ1፡5 ወይም በእውነተኛ ልኩ በ1፡1 የሆነበት ምክንያት ይህ ነው።

ቅርጻ ቅርጽን መንደፍ አንድ ተጨማሪ ችግር አለው። ቅርጹ ከግድግዳው ምን ያህል ወጥቶ ወይም ገብቶ እንደ ተቀረጸ በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ መታየት ይኖርበታል። የንድፍ ባለሙያዎች ለዚህ ያበጁት ስምምነት አስደናቂ ቀላልነት አለው። ብርሃኑ ከላይ ከግራ በኩል፣ በወለል ንድፍም በገጽታ ንድፍም 45 ዲግሪ ሆኖ እንደሚወርድ ይታሰባል። በዚህ ጊዜ በንድፉ ላይ የጥላው ስፋት ከቅርጹ ጥልቀት ጋር እኩል ይሆናል። በወረቀቱ ላይ የጥላው ስፋት በስኬሉ 8 ሴንቲሜትር ቢያሳይ፣ ቅርጹ ከግድግዳው 8 ሴንቲሜትር ወጥቷል ማለት ነው። በመሆኑም ጥላው ከጌጥነት አልፎ እንደ መለኪያ ያገለግላል።

ከፍንዳታ የዳነው ፓርቴኖን

የልኬታዊ ንድፍን ጥቅም ከአቴናው የፓርቴኖን ቤተ መቅደስ ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ፓርቴኖን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ447 እስከ 432 ባለው ጊዜ ውስጥ በአክሮፖሊስ ኮረብታ ላይ ከእብነ በረድ የተሠራ ነው። በዙሪያው 46 ዓምዶች፣ ከዓምዶቹ በላይ ሜቶፕ የሚባሉ 92 የተቀረጹ ሰሌዳዎች፣ በውስጠኛው ግድግዳ አናት ላይ ደግሞ 160 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ተከታታይ ቅርጽ ነበረው።

እ.ኤ.አ. በ1674 በኦቶማን መንግሥት የፈረንሳይ አምባሳደር የነበረው ማርኪ ደ ኗንቴል አቴናን ሲጎበኝ አንድ ሠዓሊ አስከትሎ ነበር። በአብዛኛው ዣክ ካሬ እንደ ሆነ የሚታመነው ይህ ሠዓሊ፣ የቤተ መቅደሱን የፊትና የኋላ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች፣ የደቡብ በኩል ሜቶፖችንና ከተከታታዩ ቅርጽ ብዙውን ክፍል ነደፈ። ከ13 ዓመታት በኋላ፣ መስከረም 26 ቀን 1687 እ.ኤ.አ.፣ አቴናን ከበው የነበሩት የቬኒስ ወታደሮች የተኮሱት መድፍ በፓርቴኖን ውስጥ የተከማቸውን ባሩድ አቀጣጠለው። ሕንፃው መካከሉ ፈነዳ። ከደቡብ በኩል ሜቶፖች መካከል በመሐል የነበሩት ተሰባበሩ። ዛሬ እነዚያ ቅርጾች ምን እንደሚመስሉ በዋነኛነት የምናውቀው በ1674 ከተሠሩት ንድፎች ነው።

ይሁንና የካሬ ሥራ የሠዓሊ ንድፍ እንጂ በሜትር የተለካ አልነበረም። ልኩን ይዘው የመጡት እንግሊዛውያኑ ጄምስ ስቱዋርትና ኒኮላስ ሬቬት ናቸው። እነርሱም እ.ኤ.አ. በ1751 አቴና ደርሰው፣ ለበርካታ ዓመታት ሕንፃዎቹን አንድ በአንድ እየለኩ ነደፉ፤ የሥራቸውም የመጀመሪያ ቅጽ በ1762 ታተመ። በዚያ ቅጽ ውስጥ በኢሊሶስ ወንዝ ዳር የቆመ አንድ ትንሽ ቤተ መቅደስ ይገኛል። ያ ቤተ መቅደስ በ1778 ድንጋዩ ለከተማው ቅጥር ተፈልጎ ፈረሰ። ስቱዋርትና ሬቬት ከ20 ዓመታት በላይ ቀድመው ባይለኩት ኖሮ፣ ስለ አሠራሩ የምናውቀው እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር። ከፈረሰ በኋላም ቢሆን አርክቴክቶች ከንድፉ እየቀዱ በሌሎች አገሮች ተመሳሳይ የሕንፃ ገጽታዎችን ሠርተዋል።

መለካት ያልታየውን ያሳያል

ልኬታዊ ንድፍ የሚጠቅመው የሚፈርሰውን ለማትረፍ ብቻ አይደለም። ዓይን የማያየውን እውነትም ይገልጣል። ለዚህ ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው የፓርቴኖን ምጥጥን ነው። ዓምዶቹ የቆሙበት የላይኛው ደረጃ 69.50 ሜትር ርዝመትና 30.88 ሜትር ስፋት አለው። ርዝመቱን ለስፋቱ ብናካፍል 2.25 እናገኛለን፤ ይህም 9 ለ4 ማለት ነው። ከዓምዶቹ ግርጌ እስከ ጣሪያው ጠርዝ ያለው ከፍታ 13.72 ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቱን በዚህ ብናካፍል አሁንም 2.25 ይሆናል። በአንድ ዓምድ መካከልና በቀጣዩ ዓምድ መካከል ያለው ርቀት 4.30 ሜትር ያህል፣ የዓምዱ የግርጌ ዲያሜትር ደግሞ 1.905 ሜትር ነው፤ ይህም ቢካፈል ወደ 2.26 ይጠጋል። አንድ ምጥጥን በሕንፃው ሦስት ልዩ ልዩ ክፍሎች መገኘቱ አናጺዎቹ ታስቦበት የወጣ የሒሳብ ሥርዓት እንደ ነበራቸው ያመለክታል። ይህን ሥርዓት ግን ከመለካት በስተቀር በማየት ብቻ ማንም ሊደርስበት አይችልም።

ሁለተኛው ምሳሌ የፓርቴኖን ወለል ነው። ወለሉ ፍጹም አግድም ይመስላል፤ ስቱዋርትና ሬቬትም ቀጥ አድርገው ነድፈውታል። እንግሊዛዊው አርክቴክት ፍራንሲስ ፔንሮዝ ግን እ.ኤ.አ. ከ1846 እስከ 1847 ባለው ጊዜ በከፍተኛ ጥንቃቄ ለክቶ፣ ወለሉ መካከሉ ላይ እንደ ቀስት ቀና ያለ መሆኑን በቁጥር አረጋገጠ። ቅንታው በአጭሩ ጎን 6 ሴንቲሜትር፣ በረጅሙ ጎን 11 ሴንቲሜትር ያህል ነው። አሁን ከላይ ወደ ተጠቀሰው የስኬል ሒሳብ እንመለስ። 6 ሴንቲሜትር በ1፡50 ንድፍ ላይ 1.2 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በ1፡200 ንድፍ ላይ ግን 0.3 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ከአንድ የእርሳስ መስመር ውፍረት ብዙም አይበልጥም። ከዚህ የምንማረው የአለካካችን ጥራት ልናገኘው የምንችለውን ዕውቀት የሚወስን መሆኑን ነው።

ድንጋይ እንጨትን ሲያስታውስ

የጥንት ሕንፃዎች ቅርጽ ከጌጥነቱ በተጨማሪ የአሠራር ታሪክን ይዟል። በግሪክ ዶሪክ ሥርዓት በሜቶፖቹ መካከል ሦስት ቁም መስመር የተበጀላቸው ትሪግሊፍ የሚባሉ ድንጋዮች አሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው አርክቴክት ቪትሩቪየስ እንደሚገልጸው፣ ትሪግሊፎቹ ቀድሞ ሕንፃዎቹ ከእንጨት ይሠሩ በነበረ ጊዜ ከጣሪያው የሚወጡትን የተሸካሚ እንጨቶች ጫፍ የሚያስታውሱ ናቸው። እንጨቱ በእብነ በረድ ሲተካ መልኩ በድንጋይ ላይ ቀረ ማለት ነው።

በአገራችንም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። የአክሱም ሐውልቶች ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎችን አስመስለው የተቀረጹ ናቸው። ወድቆ የሚገኘው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው 13 ፎቆች ተቀርጸውበታል። በየፎቁ መካከል የሚታዩት ክብ እብጠቶች በተለምዶ የዝንጀሮ ራስ ይባላሉ፤ እነርሱም በድንጋይና በእንጨት በተገነባ ግድግዳ ውስጥ የሚያልፉትን አግዳሚ እንጨቶች ጫፍ ያስመስላሉ። ይህ ግምት ብቻ እንዳልሆነ የሚያረጋግጠው በትግራይ የሚገኘው የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያ ድንጋይና እንጨት በተራ የተነባበሩበት ግድግዳ፣ ከግድግዳውም የወጡ እውነተኛ ክብ የእንጨት ጫፎች ዛሬም ይታያሉ። በላሊበላ የሚገኘው ቤተ አማኑኤል ደግሞ ያንኑ ግድግዳ ከአንድ ወጥ ቋጥኝ ፈልፍሎ ያሳያል።

እንዲህ ያለ ንጽጽር ማድረግ የሚቻለው የሁሉም ሕንፃዎች ልኬታዊ ንድፍ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው። የላሊበላው ቤተ መድኃኔ ዓለም በአራቱም ጎን በዓምዶች የተከበበ በመሆኑ ብዙ ጸሐፊዎች ከግሪክ ቤተ መቅደስ ጋር ያመሳስሉታል። የወለል ንድፉና የዓምዶቹ ምጥጥን ሲመረመሩ ግን፣ ዓምዶቹ አራት ማዕዘን፣ ውስጡም የክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን አከፋፈል ያለው መሆኑ ይታያል። በዓይን ተመሳሳይ የሆነው በልኬት ልዩ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ከአዱሊስ እስከ አክሱም፦ የአገራችን ንድፎች

ሐውልትን ገልብጦ ለትውልድ የማቆየት ሥራ በአካባቢያችን ረጅም ታሪክ አለው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ፣ ዐፄ ካሌብ ወደ የመን ለመዝመት በሚዘጋጁበት ወቅት፣ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ ዛሬ በኤርትራ ወደሚገኘው የአዱሊስ ወደብ መጥቶ ነበር። በዚያ በግሪክ ቋንቋ የተጻፈበት የእብነ በረድ ዙፋንና ከዙፋኑ ኋላ የቆመ ሌላ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ አየ። በዙፋኑ ጀርባ ላይ የግሪኮቹ ሄርኩለስና ሄርሜስ ተቀርጸው እንደ ነበር ጽፏል። ንጉሡ የጽሑፉ ግልባጭ እንዲላክላቸው የአዱሊስን ገዥ አዝዘው ስለ ነበር፣ ኮስማስ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ ገለበጠው።

ዙፋኑም ድንጋዩም ዛሬ የሉም። ጽሑፎቹ የሚታወቁት ኮስማስ በመጽሐፉ ውስጥ ባስቀረው ግልባጭ ብቻ ነው፤ በመጽሐፉ የእጅ ጽሑፍ ቅጂዎችም ውስጥ የዙፋኑ ሥዕል ይገኛል። ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው ሌላው ነገር ነው። ኮስማስ ሁለቱን ጽሑፎች እንደ አንድ ቆጥሮ ሁሉም የግብፁ ንጉሥ የጰጥሎሜዎስ ነው ብሎ አሰበ። የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች ግን የድንጋዩ ጽሑፍ የጰጥሎሜዎስ 3ኛ፣ የዙፋኑ ጽሑፍ ደግሞ የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ መሆኑን ለዩ። ይህን ማድረግ የቻሉት ኮስማስ ያየውን በታማኝነት ስለ ገለበጠ ነው። የነዳፊው ትርጓሜ ቢሳሳት እንኳ፣ ግልባጩ ትክክል ከሆነ መጪው ትውልድ ሊያርመው ይችላል።

ዘመናዊው ልኬት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ጉዞ ቡድን ወደ አክሱም ሲመጣ ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሉፕከ የተባሉ አርክቴክቶች አብረው ነበሩ። እነርሱም ሐውልቶቹን፣ የቤተ መንግሥት ፍርስራሾችን፣ ደብረ ዳሞንና ሌሎች ሕንፃዎችን ለክተው ነደፉ። ተሰባብሮ የተኛውን ትልቁን ሐውልት እንኳ በወረቀት ላይ እንደገና አቁመውታል። ውጤቱ በ1913 በበርሊን በአራት ቅጾች ታተመ።

ቡድኑ ከለካቸው መካከል ታዕካ ማርያም የሚባለው ሰፊ የቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አንዱ ነው። ቅጥሩ 120 ሜትር በ80 ሜትር ያህል ስፋት ነበረው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ግን መንገድ በመካከሉ ሲያልፍ አብዛኛው ክፍሉ ጠፋ። ዛሬ የታዕካ ማርያምን አሠራር የሚያጠና ሰው የግድ የ1906ቱን ንድፍ መግለጥ አለበት። በአቴና የኢሊሶስ ቤተ መቅደስ የደረሰበት ዕጣ በአክሱም ተደገመ፤ በሁለቱም ስፍራ ዕውቀቱን ያተረፈው ወረቀት ነው። ልዩነቱ፣ የእኛን የለኩት ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች መሆናቸው ነው።

በየካና በእንጦጦ እንዴት እንለካ?

ዋሻ ሚካኤል ከአዲስ አበባ ተማሪ ቅርብ ነው። የእንጦጦና የየካ ተራሮች የተሠሩት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ውኃ ወደ ስንጥቆቹ ይገባል፤ የቀንና የሌሊት የሙቀት ልዩነት ድንጋዩን ያዝለዋል፤ የዛፍ ሥር ስንጥቁን ያሰፋዋል። ስለዚህ ዛሬ የሚለካው ስንጥቅ ከአሥር ዓመት በኋላ ከሚለካው ጋር ሲነጻጸር የጉዳቱ ፍጥነት ይታወቃል። የዕድሜው ክርክርም ከዚህ ይጠቀማል። ንድፍ ብቻውን የሕንፃን ዕድሜ አይቆርጥም፤ ነገር ግን የበሩ፣ የመስኮቱና የዓምዱ ልክ ከአክሱምና ከላሊበላ ሥራዎች ጋር ለመነጻጸር የሚያስችል ማስረጃ ይሆናል።

ለሥራው የሚያስፈልጉት 20 ሜትር የሚዘረጋ ሜትር፣ ቱንቢ፣ ውኃ ልክ፣ ሲባጎ፣ ማዕዘን መለኪያና የስኬል ወረቀት ናቸው። በቅድሚያ በዓይን ግምት ረቂቅ ንድፍ ይሠራል፤ ቁጥሮቹ የሚሰፍሩት በዚህ ረቂቅ ላይ ነው። ቀጥሎ በሲባጎ አንድ የመነሻ መስመር ይዘረጋል። ከቋጥኝ የተፈለፈለ ቤት ማዕዘኖቹ 90 ዲግሪ ናቸው ብሎ መነሣት ስሕተት ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ከመነሻ መስመሩ ሁለት ጫፎች ይለካል። ለምሳሌ ከ«ሀ» እስከ «ለ» ያለው መስመር 8 ሜትር ቢሆንና አንድ የዓምድ ማዕዘን ከሁለቱም ጫፎች 5 ሜትር ቢርቅ፣ ነጥቡ ከመስመሩ መካከል በቀጥታ 3 ሜትር ርቆ ይገኛል። በወረቀት ላይም በኮምፓስ ሁለት ቅስቶችን በማቋረጥ ይህንኑ ነጥብ ማግኘት ይቻላል።

ለማረጋገጫ አግድም ሰያፎች ይለካሉ። 6 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ክፍል ፍጹም አራት ማዕዘን ከሆነ ሁለቱም ሰያፎች 7.21 ሜትር መሆን አለባቸው። አንዱ 7.21፣ ሌላው 7.35 ቢሆን፣ ክፍሉ የተንጋደደ ነው ወይም ልኬቱ ተሳስቷል። ሁለተኛ መለካት ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ይለያል።

በእጅ የማይደረስ ከፍታ በማዕዘን ይለካል። ከግድግዳው 10 ሜትር ርቀን ቆመን ወደ ጫፉ ያለው የከፍታ ማዕዘን 42 ዲግሪ ቢሆን፣ የ42 ዲግሪ ታንጀንት 0.900 ስለሆነ ከዓይናችን በላይ ያለው ከፍታ 9.0 ሜትር ነው። የዓይናችንን ከፍታ 1.5 ሜትር ብንጨምር 10.5 ሜትር ይሆናል፤ ይህም በ1፡50 ንድፍ ላይ 21 ሴንቲሜትር ነው። ማዕዘኑን በአንድ ዲግሪ ብንሳሳትና 43 ብናነብ ከፍታው በ32 ሴንቲሜትር ያህል ይጨምራል። በወረቀት ላይ ይህ ከ6 ሚሊሜትር በላይ የሆነ፣ በግልጽ የሚታይ ስሕተት ነው። ስለዚህ ማዕዘኑ ከተለያዩ ርቀቶች ሦስት ጊዜ ያህል ተነብቦ ከየንባቡ የሚሰላው ከፍታ አማካይ መወሰድ ይኖርበታል።

ወደ እንጦጦ ወጣ ብንል ሌላ መለማመጃ እናገኛለን። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1889 የንግሥ በዓላቸውን ያከበሩባት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስምንት ማዕዘን ናት። በእኩል ስምንት ማዕዘን ቅርጽ ከአንዱ ጎን እስከ ትይዩው ጎን ያለው ርቀት የአንዱ ጎን ርዝመት በ2.414 ሲባዛ ይገኛል። በምሳሌ፣ ጎኑ 5 ሜትር ቢሆን የትይዩዎቹ ርቀት 12.07 ሜትር ይሆናል። በመሆኑም ወደ ውስጥ ሳይገቡና አገልግሎቱን ሳያውኩ፣ የውጭውን ጎኖች ብቻ ለክቶ የሕንፃውን ስፋት ማስላት ይቻላል። ስምንቱ ጎኖች እኩል ሆነው ካልተገኙ ግን ቀመሩ አይሠራም፤ የአናጺዎቹን የአቀያየስ ስልት መመርመር የሚጀመረውም ከዚያ ልዩነት ነው።

አዳዲስ ዘዴዎች

በአሁኑ ጊዜ የጨረር መለኪያ መሣሪያዎች በአንድ ሰከንድ ውስጥ እጅግ ብዙ ነጥቦችን ለክተው የሕንፃውን ሦስት ገጽ አምሳያ በኮምፒውተር ይሠራሉ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የዛማኒ ፕሮጀክት በዚህ ዘዴ ተለክተዋል። ከብዙ ፎቶግራፎች ተመሳሳይ አምሳያ የሚሠሩ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ለዚህ የእጅ ስልክ ካሜራ እንኳ ሊበቃ ይችላል። ሆኖም ከፎቶግራፍ የተሠራ አምሳያ ስኬሉን በራሱ አያውቅም። ቢያንስ አንድ ርቀት በሜትር ተለክቶ ካልተሰጠው መልኩ ትክክል፣ ልኩ ግን ያልታወቀ ይሆናል። መሣሪያው ስንጥቁን፣ የመጥረቢያውን አሻራና የኋላ ዘመን ጥገናውን ለይቶ አይነግረንም። ይህን የሚያደርገው እየነደፈ የሚያስተውል ሰው ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው ፓርቴኖንን፣ የኢሊሶስን ቤተ መቅደስ፣ የአዱሊስን ዙፋንና ታዕካ ማርያምን የሚያገናኛቸው አንድ ነገር አለ። ሁሉም ከመጥፋታቸው በፊት አንድ ሰው በጊዜው ገልብጧቸዋል። ንድፉ ሁልጊዜ የሚሠራው ሕንፃው ቆሞ ሳለ ነው፤ ዋጋው ግን የሚታወቀው ሕንፃው ሲፈርስ ነው። ዋሻ ሚካኤል ዛሬ በዚህ በመካከለኛው ጊዜ ላይ ይገኛል።

ለመለካት የሚነሣ ተማሪ ሦስት ነገሮችን እንዲጠብቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ቅርስን ለማጥናት የቅርስ ባለሥልጣንና የቤተ ክርስቲያኒቱ አስተዳደር ፈቃድ በቅድሚያ መጠየቅ አለበት። ሁለተኛ፣ በድንጋዩ ላይ በጠመኔም ሆነ በምስማር ምልክት ማድረግ፣ ቅርጹንም በወረቀት ማሸት አይገባም፤ ነጥቦች የሚያዙት በሲባጎና በቱንቢ ነው። ሦስተኛ፣ የተለካው ሁሉ ከቀኑ፣ ከለኪዎቹ ስምና ከመሣሪያው ዓይነት ጋር ተመዝግቦ ቢያንስ በሁለት ስፍራ፣ ለምሳሌ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍትና በቤተ ክርስቲያኒቱ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. አንድ የመስኮት ቅርጽ ከግድግዳው 3 ሴንቲሜትር ገብቶ ተቀርጿል። በ1፡50 እና በ1፡5 ስኬል ንድፎች ላይ ጥላው ስንት ሚሊሜትር ይሆናል? የትኛው ስኬል ይመረጣል? ለምን?

2. የመነሻ መስመሩ 10 ሜትር ነው። አንድ ነጥብ ከ«ሀ» 6 ሜትር፣ ከ«ለ» 8 ሜትር ይርቃል። ነጥቡ ከመስመሩ በቀጥታ ስንት ሜትር ይርቃል?

3. በትምህርት ቤታችሁ ግቢ የሚገኘውን አሮጌ ሕንፃ መርጣችሁ የፊት ገጽታውን በ1፡50 ንደፉ። የበሩንና የመስኮቶቹን የቁመትና የስፋት ምጥጥን አስሉ። በሕንፃው ውስጥ የሚደጋገም አንድ ምጥጥን አለን?